ያረጀው የቱ ነው?

በአማርኛ «አረጀ» ማለት ብዙ ጊዜ ፍርድ መስጠት ነው። ልብሱ አረጀ ሲባል መጣሉ፣ ቤቱ አረጀ ሲባል መፍረሱ ይከተላል። ከፍርዱ በፊት ግን ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ አለ፤ ያረጀው ነገሩ በሙሉ ነው ወይስ ከነገሩ አንዱ ክፍል? ጥያቄው የፈላስፎች ቢመስልም መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች በሥራቸው የሚመልሱት ነው።

ከዴንቨር በስተሰሜን የምትገኘው ቶርንተን እ.ኤ.አ. በ1953 መገንባት የጀመረች፣ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ፀሐይዋ እንደ አዲስ አበባ ፀሐይ ትበረታለች። በብርዱ ወራት ቀን የቀለጠው በረዶ ውኃ ሆኖ ወደ ስንጥቅ ይገባል፤ ሌሊት ሲረጋ እየሰፋ ስንጥቁን ይገፋዋል። ጥቁር የነበረው አስፋልት ግራጫ ይሆናል፣ ጉድጓድ ያወጣል፣ አለቀ ይባላል።

እውነት አልቋል? ከአስፋልት ክብደት 95 ከመቶ ያህሉ ጠጠርና አሸዋ ነው፤ ያንን የሚያያይዘው ሬንጅ 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለድንጋይ ሃያና ሠላሳ ዓመት ምንም አይደለም። የሚያረጀው ማያያዣው ነው። ኦክስጅንና ሙቀት ሬንጁን ቀስ በቀስ ይለውጡታል፤ ቅባታማው ክፍል ይቀንሳል፣ ከባድና ደረቁ ይበዛል፣ መለጠጥ ያቅተዋል።

ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት ወዲህ አሜሪካውያን አሮጌ አስፋልት መጣል እየተዉ መጡ። ማሽን ይፍቀዋል፤ ተፈጭቶ ከአዲስ ጠጠርና ከትኩስ ሬንጅ ጋር ይደባለቃል። ዛሬ በአገሪቱ ከሚመረተው አስፋልት በአማካይ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከአሮጌ መንገድ የተፋቀ ነው። ድርሻው ከዚያ ከፍ እንዲል ሲፈለግ ከአትክልት፣ ከወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት ወይም ከነዳጅ የተገኘ ማደሻ ዘይት ይጨመራል።

«ማደስ» ከቃሉ ሥር ሲታይ አዲስ ማድረግ ነው። ዘይቱ ግን ይህን አይችልም። ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደው አይፈታም፤ ያለፈው ዘመን እዚያው አለ። ዘይቱ የጎደለውን ሞልቶ ሚዛኑን ይመልሳል። ካነሰ መንገዱ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ጎማ ሥር ይለሰልስና ቦይ ይሠራል። ሌላም አደጋ አለ። አሮጌው ሬንጅ ከአዲሱ ጋር በሚገባ ካልተዋሐደ መሐንዲሶች «ጥቁር ድንጋይ» የሚሉት ይሆናል፤ በድብልቁ ውስጥ ይገኛል፣ ነገር ግን ምንም አያያይዝም።

ይህ ስሌት ከመንገድ አልፎ ለከተማም ይሠራል። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት እንደ ፒያሳ ያሉ ነባር ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ብዙ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ዜናው ዴንቨርና ኦሮራ ያለውን ኢትዮጵያዊም ይነካል፤ የፈረሰው የእናቱ ቤት ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመንገድ ላይ ድንጋዩ ደኅና ሆኖ ማያያዣው ያረጃል። በሰፈር ጭቃው ይረግፋል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፤ እድሩ፣ እቁቡ፣ ቡና መጠራራቱ፣ የሱቁ ዱቤ ግን እንደጸኑ ናቸው።

የአፍራሹ ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። ጣሪያው በሚያፈስ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ብዙ ቤተሰብ በሚጋራበት ግቢ የሚኖር ሰው ስለ ጉርብትና የሚጻፍ ውዳሴ ከዝናብ አያስጠልለውም፤ ከሩቅ የሚናፍቀው ሰው ደግሞ በዚያ ቤት አያድርም። የተሻለ ቤት ይገባቸዋል። የቤቱ ማርጀት ግን ሰዎቹን ለመበተን ምክንያት አይሆንም። የአንድ እድር አባላት በየኮንዶሚኒየሙ ሲደለደሉ የሚጠፋው ገና ያላረጀው ነገር ነው። በሄዱበትም እንደ ጥቁር ድንጋይ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ቁልፍ ተቀብለዋል፣ ቢሞቱ የሚቀብራቸው ጎረቤት ግን ገና አላፈሩም።

የተፋቀ አስፋልት ወደ አዲስ ድብልቅ ከመግባቱ በፊት ናሙናው ይመረመራል፤ የደረቀው ምን ያህል እንደሆነ፣ ምን እንደሚያገለግል ይለካል። ለጠጠርና ለሬንጅ የሚደረገው ምርመራ ሰው ለሚኖርበት ሰፈር ከቀረ፣ «አረጀ» የሚለው ቃል ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ነው።