«ሰው ሆነ» የምንለው መቼ ነው?

በቋንቋችን ወጣቱ ለአቅመ አዳም፣ ወጣቷም ለአቅመ ሔዋን ደረሱ ይባላል። ቀጥሎም ራሱን ቻለ፣ ጎጆ ወጣ፣ ለወግ ለማዕረግ በቃ እንላለን፤ በመጨረሻ «ሰው ሆነ» ብለን እንደመድማለን። ዛሬ ግን በካምባም ሆነ በአርባ ምንጭ ብዙ ወጣቶች የመጀመሪያውን ደረጃ ወጥተው በሁለተኛው ፊት ለዓመታት ቆመው ይታያሉ። ዕድሜአቸው ደርሷል፤ ሥራ ግን አላገኙም። ታዲያ እነዚህን ምን እንበላቸው? ልጆች ወይስ አዋቂዎች?

ሕግም ቢሆን አንድ መልስ አልሰጠንም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመትን ወስኗል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣትነትን ከ15 እስከ 29 ዓመት ዘርግቶታል። በዚያው ዓመት አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ታወጀ። ስለዚህ አንዱ ወጣት በአንደኛው ሰነድ የአገር ተስፋ ሆኖ ሲጠራ፣ በሌላው በጥርጣሬ ዓይን ሊታይ ቻለ።

ይህ ጥርጣሬ በየቤታችንም አለ። ቋንቋችን «ሥራ አጥ»ን ከ«ሥራ ፈት» ይለያል፤ አንደኛው ፈልጎ ያጣ ነው፣ ሁለተኛው ግን እያለ የተወ። እኛ ግን በዕለት ንግግራችን ሁለቱን እናደባልቃቸዋለን። በደርግ ዘመን ከከፍተኛ ትምህርት የተመረቀውን መንግሥት ራሱ በሥራ ይመድበው ነበር። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ተስፋፋ፤ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው የአርባ ምንጭ ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪው ሲበዛ የሥራ መደቡ በዚያው መጠን አልበዛም። በደጋው ደግሞ የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል እያነሰ ሄዷል። ወጣቱ በሁለቱ መካከል ቆሞ ሳለ ስንፍናን ብቻ ብንወቅስ ፍርዳችን የተጣመመ ይሆናል።

አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ዳንኤል ሜይንስ ስለ ጅማ ሥራ አጥ ወጣቶች የጻፈው መጽሐፍ በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ርእሱንም «ተስፋ መቁረጥ» ከሚለው ከራሳችን አነጋገር ወስዶታል። እንዳሳየው የወጣቶቹ ችግር የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የጊዜም ነው፤ ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል፣ ወደ ምንም ግን አያደርስም። ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሥራ እንዳይዙም ይሉኝታ ይከለክላቸዋል።

ይሉኝታ ግን ወጣቱ ብቻውን የፈጠረው አይደለም፤ የሚሰማው ከጎረቤት አፍ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውንና ቀጥቃጩን መሳደብን በአዋጅ መከልከላቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። የጋሞ ሸማኔ በሽሮ ሜዳ የሠራውን ሸማ አገር ሁሉ በበዓል ቀን ይለብሰዋል፤ ሸማኔው ግን ብዙ ጊዜ ያው ክብር አልተሰጠውም። ጥጡን የምትፈትለዋ ሴትማ ከንጋት እስከ ምሽት ደክማ «ሥራ የላትም» ትባላለች።

እንግዲህ ከሁለት ስሕተቶች መጠበቅ ይገባል። አንደኛው ሰውነትን በደመወዝ መለካት ነው። በዚህ መለኪያ የታመመና ያረጀ፣ ድርቅ ማሳውን የበላበት ገበሬም ከሰው ቁጥር ይወጣሉ። ሁለተኛው «አዋቂነት በልብ ነው» ብሎ የተራበውን በቃል ማሰናበት ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ሁለቱንም ያርማሉ፤ የሥራ ክብር የሚመነጨው ከሠሪው ሰው መሆኑን ያስተምራሉ፣ ሥራ ማጣት ግን ክፉ ነገር መሆኑንና በተለይም ተምሮና ተዘጋጅቶ ለሚጠብቅ ወጣት እጅግ መሪር መሆኑን አይሸሽጉም።

እኛ እንደሚመስለን አዋቂነት ማለት ስለ ሌላው ተጠያቂ መሆን ነው። በጋሞ ባህል ሃላቃ የሚሆን ሰው ደግሶ ሕዝቡን ያበላ ነበር፤ ክብሩን ያገኘው ስላለው ሳይሆን ስለ ሰጠው ነው። እርግጥ ለመስጠትም ማግኘት ያስፈልጋል። ሆኖም የሚሰጠው ሀብት ብቻ አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ደረሰው ግፍ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሠሩት በጎ ሥራ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ወጣቶቹ የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ሽማግሌ የሚንበረከከው ራሱን ሊገዛ ይችላል ብሎ ባመነበት ሰው ፊት ነው። በዚያች ሰዓት ደመወዝተኛውና ሥራ አጡ አልተለዩም፤ ሁሉም ቁጣቸውን ገቱ፣ የማያውቁትንም ሰው ሕይወት አተረፉ። ይህ የአዋቂ ሥራ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ኃላፊነት ደመወዝን እስኪጠብቅ ድረስ አይዘግይ። ሥራ ያላገኘው ወጣት በቁምስናው ምክር ቤት ተቀምጦ ይናገር፣ ሒሳብ ይያዝ፣ ሽምግልናን ይማር። ሴቶች ልጆቻችንም እንዲሁ። ነገር ግን ኃላፊነት በነጻ ጉልበት ስም እንዳይለወጥ እንጠንቀቅ፤ ሌላውን ከፍለን የምናሠራውን ሥራ ወጣቱ ሲሠራው ዋጋው ይከፈለው። ለሠርግ የምንጠይቀውንም ወጪ እንቀንስ፤ ጎጆ የሚወጣው ወጣት ደጃፉን የዘጋንበት እኛው እንዳንሆን። ሥራ መፍጠር ከአንድ ቁምስና አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ወጣቱን ሰው ብሎ መጥራት ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።