“በትሩን የቆጠበ ልጁን ያበላሻል” ያለው ማነው?

ስለ ልጆች የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አባባሎችና የወላጅ አንደበት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሥጋውን ትተናል፣ ወተቱንና ቅቤውንም ትተናል። አንደበታችንስ ምን ተወ? ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ አባቶቻችን ደጋግመው ያስተምሩናል። ስለዚህ እስቲ ዛሬ ከአንደበት ሥራዎች አንዷን ብቻ ነጥለን እንመልከት። እርሷም በልጆች ላይ የምንተርተው ምሳሌ ናት።

የምናነሣቸው አባባሎች የእንግሊዞች ናቸው። “በጾም ወቅት የእንግሊዝኛ ተረት ምን ያደርግልናል?” የሚል አይጠፋም። ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ዛሬ ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው ይሰሙታል፤ በውጭ አገር ላሉት ወገኖቻችን ልጆችማ ዋና መግባቢያቸው ሆኗል። ሁለተኛ፣ ከእነዚህ አባባሎች አንዳንዶቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጡ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የመጽሐፍ ቅዱስን ልብስ የለበሱ ናቸው። ሦስተኛ፣ የሰውን ጉድፍ ማየት ይቀላል። በሌላው ቋንቋ ካየነው በኋላ ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን።

ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ አባባል የቆየ ስለሆነና ብዙ ሰው ስለተናገረው ብቻ በልጅ ላይ ሊፈረድበት ይገባልን?

የመጽሐፍ ቅዱስን ልብስ የለበሰው አባባል

እንግሊዞች “በትሩን የቆጠበ ልጁን ያበላሻል” ይላሉ። ይህን አባባል የሚጠቅሱ ብዙዎች “መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ይላል” ብለው ነው የሚጀምሩት። እንደዚያ ተብሎ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም። አባባሉ በዛሬ መልኩ የታወቀው ሳሙኤል በትለር የተባለ እንግሊዛዊ ገጣሚ እ.ኤ.አ. በ1664 ካሳተመው ከ“ሁዲብራስ” ሁለተኛ ክፍል ነው። “ሁዲብራስ” ደግሞ የዘመኑን ግብዞች የሚያፌዝበት የቀልድ ግጥም ነው። በዚያ ቦታ የሚነገረውም ስለ ልጅ አስተዳደግ አይደለም። አንዲት ሴት ፍቅርን በሕፃን ልጅ መስላ ባለ ታሪኩን ፈረሰኛ ስታሾፍበት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ስንቱ ልጅ የተገረፈው በቀልድ ግጥም ነው!

እርግጥ ነው፣ የአባባሉ ሥር መጽሐፈ ምሳሌ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን በምዕራፍ 13 ቁጥር 24 ላይ በትሩን የሚከለክል አባት ልጁን እንደሚጠላ፣ የሚወደው ግን ተግቶ እንደሚቀጣው ይናገራል። ልዩነቱን አስተዋላችሁ? የእንግሊዝኛው አባባል የሚናገረው ስለሚበላሸው ልጅ ነው። የሰሎሞን ቃል ግን መጀመሪያ የሚመረምረው የአባቱን ልብ ነው፤ ይወዳል ወይስ ይጠላል? ስለ መበላሸት አንድም ቃል የለውም። እንግሊዝኛው ፍቅርን ጥሎ በትሩን ብቻ ይዞ ቀረ።

“በምዕራፍ 23 ቁጥር 13 ላይስ ስለ መምታት አልተጻፈምን?” የሚል ይኖራል። አዎ፣ ተጽፏል፤ መጽሐፉን አንቆርጠውም። ግን ሌላውንም አንቆርጠው! ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በ6፥4 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያዝዛል። ወደ ቈላስይስ ሰዎችም በ3፥21 ምክንያቱን ያስረዳል፤ ልባቸው እንዳይዝል ነው። ልጅን ቅጡት የሚለውን የሚያስታውስ አባት ሞልቷል። ልቡን አታዝሉት የሚለውን በቃሉ የያዘ ግን ስንት ነው?

በትሩንም እንመልከተው። በዕብራይስጥ ሰሎሞን የተጠቀመበት “ሼቬት” የሚለው ቃል አባቱ ዳዊት በመዝሙር 22፥4 የተጠቀመበት ራሱ ነው። በአማርኛችንም በሁለቱም ቦታ “በትር” ተብሏል። ዳዊት ግን በትሩ አጽናናኝ ነው የሚለው። ለምን? የእረኛ በትር ስለሆነ ነው። እረኛ በበትሩ አውሬ ያባርርበታል፣ የሳተችውን ይመልስበታል፤ በዘሌዋውያን 27፥32 እንደምናነበው መንጋው ከበትሩ በታች እያለፈ ይቈጠራል። ልጅህ በትርህን ሲያይ የሚጽናና ነው ወይስ የሚንቀጠቀጥ? መልሱን ከራስህ ቤት ፈልገው።

አባባሉን በዓለም ያሰራጨው አገር ራሱ ዛሬ ወዴት እንደደረሰ ማወቅም ደግ ነው። በብሪታንያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪን መግረፍ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ ተከልክሎ ከ1987 ጀምሮ ቀርቷል። በስኮትላንድ በ2020፣ በዌልስ ደግሞ በ2022 ወላጅም ቢሆን ልጁን በቤቱ እንዳይመታ ተከልክሏል። በእኛም አገር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ ሲለወጥ ተረቱ ግን አልተለወጠም። ተረት ከሕግ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነውና።

“ይታዩ እንጂ አይሰሙ”

ሁለተኛው አባባል “ልጆች ይታዩ እንጂ አይሰሙ” የሚል ነው። እንግዳ ሲመጣ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ጥግ ይዘው ይቀመጡ፤ ድምፅ ግን አይሰማ ማለት ነው። የዚህ አመጣጥ እኛን የሰባኪ ወገን የሆንነውን ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ1400 አካባቢ ጆን ሚርክ የተባለ በሽሮፕሽር የነበረ የገዳም ሰው ለካህናት የስብከት መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር፤ መጽሐፉም “ፌስቲያል” ይባላል። በእርሱ ውስጥ ይህን አባባል የቆየ የእንግሊዞች ተረት ብሎ ጠቅሶታል። ያን ጊዜ ግን የተባለው ስለ ልጆች ሁሉ ሳይሆን ስለ ልጃገረዶች ነበር፤ ልጃገረድ ትታይ እንጂ አትሰማ የሚል ነበር። ከዘመን በኋላ ወደ ልጆች ሁሉ ዞረ። ከስብከት መጽሐፍ የገባ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ዘመን እንደሚኖር ተመልከቱ። እኛም የምንጽፍ ሰዎች ብዕራችንን ስናነሣ ልንፈራ ይገባናል።

በአማርኛውስ የለንም? አለን እንጂ! “ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” እንላለን። ልጁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት ይህን ተርተን እንዘጋዋለን። ምን ሊል እንደነበረ ሳንሰማ ይቀራል። ምናልባት ጎረቤት የሚያስፈራው ሰው እንዳለ ሊነግረን ነበር። ምናልባት ትምህርት ቤት የሚያስለቅሰው ነገር አለ። ተረቱ ያስቃል፣ ልጁ ግን ያልተነገረውን ይዞ ይተኛል። በልጆች ላይ የሚደርስ ክፉ ነገር ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ የሚቈየው ልጁ ዝም ስላለ ብቻ ሳይሆን ዝም በል ስለተባለ ጭምር ነው።

በቤተ መቅደስ የተሰማው ድምፅ

አሁን የሚገርመውን ነገር ልንገራችሁ። ያው የእንግሊዝኛ ቋንቋ “ከሕፃናት አፍ” የሚል ሌላ አባባል አለው። ሕፃን ልጅ ሳይታሰብ ትልቅ ነገር ሲናገር ሰዎች ፈገግ ብለው የሚሉት ነው። ይህ በእውነት የመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ከመዝሙር 8፥2 የወጣ ነው። ጌታችን አምላካችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስም በማቴዎስ ወንጌል 21፥16 ጠቅሶታል።

መቼ ጠቀሰው? በዚህ በዐቢይ ጾም ስምንተኛ እሑድ በምናከብረው በሆሣዕና ታሪክ ውስጥ ነው። ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ በገባ ጊዜ ልጆች “ሆሣዕና” እያሉ ጮኹ። የካህናት አለቆችና ጻፎች ተቈጡ፤ የሚሉትን አትሰማምን? ብለው ጠየቁት። እነዚያ ሰዎች እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ልጆች ይታዩ እንጂ አይሰሙ! ጌታ ግን ልጆቹን ዝም አላሰኛቸውም። መዝሙሩን ጠቅሶ ለልጆቹ ጠበቃ ሆነላቸው። በዚያች ቀን በቤተ መቅደስ እውነትን የያዙት መጽሐፍ አዋቂዎቹ አልነበሩም፣ ልጆቹ ነበሩ። ሊቃውንቱ ድምፁን እንደ ረብሻ ሰሙት፤ እርሱ እንደ ምስጋና ተቀበለው።

እንግዲህ በአንድ ቋንቋ ሁለት አባባል አለ። አንዱ “አይሰሙ” ይላል፣ ሌላው “ከአፋቸው ስሙ” ይላል። በእኛም “የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ” ይባላል፤ ብስሉን ለማግኘት ደግሞ ሁለቱንም መስማት ግድ ነው።

ተረቱን የሚመርጠው ማነው?

ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ተረት የሚቃረነው ተረት ካለ፣ ተረት በራሱ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ዳኛው መራጩ ሰው ነው። የተናደደ አባት የበትሩን ተረት ያነሣል፤ የደከማት እናት የዝምታውን ታነሣለች። ያን ጊዜ ተረቱ የልባችንን ውሳኔ የአባቶች ውሳኔ አስመስሎ ያቀርብልናል። “እኔ ተናድጄ ነው” ከማለት “አባቶች ሲተርቱ” ማለት ይቀላል።

ሰው ሰውን በተረት ሲወጋው የተወጋው ሌላ ተረት መልሶ ይከላከላል። የሽምግልናችን ጣዕም ይኸው አይደል? ልጅ ግን ምን ይመልሳል? ተረት የለውም። ዕድሜም የለውም። በአዋቂ ላይ የተሠራ የልጆች ተረት የለም፤ ተረቶቹን የሠራናቸው እኛ አዋቂዎች ነንና። መልስ በማይችል ሰው ላይ የሚነገር ቃል ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ ይሻል።

አባባል ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የሚጠብቁም አሉ። “ከእጣቢው ጋር ሕፃኑን አትድፋ” ይላሉ እንግሊዞች። ከጀርመኖች የወሰዱት ነው፤ ቶማስ ሙርነር የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1512 መጽሐፉ ላይ ጽፎታል። በኢንተርኔት ብዙ ሲዞር የኖረ “ድሮ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ውኃ ሲታጠብ ሕፃኑ በጨቀየው ውኃ ውስጥ ይጠፋ ነበር” የሚል ወሬ አለ፤ እርሱ ፈጠራ ነው። ትርጉሙ ግን ያማረ ነው፦ እድፉን ስትጠላ ልጁን አትጥላ። ልጁ ዋሽቶ ከሆነ ውሸቱን ጣሉ፣ ልጁን “ውሸታም” ብላችሁ አትጣሉት። የእኛም ሰው “ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ” ይል የለ!

“ትንንሽ ማሰሮዎች ትልልቅ ጆሮ አላቸው” የሚልም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1546 ጆን ሄይውድ በሰበሰባቸው ምሳሌዎች ውስጥ ተቀራራቢው ይገኛል። በእንግሊዝኛ የማሰሮ እጀታ “ጆሮ” ስለሚባል ነው ጨዋታው። ልጅ አይሰማም ብላችሁ ጎረቤት አትሙ ማለት ነው። ይህንንስ ለጾም ብንይዘው ምን ይለናል? ሐሜትን ለእግዚአብሔር ብለን መተው ቢያቅተን ጥግ ላይ ለተቀመጠው ልጅ ብለን እንተወው።

የዓይን ብሌን

የመጨረሻውን ልንገራችሁና ላብቃ። እንግሊዞች የሚወዱትን ልጅ “የዓይኔ ፖም” ይሉታል። ፖም የተባለው ክብ የሆነው የዓይን ብሌን ነው። ይህም በመጽሐፍ ቅዱሳቸው በዘዳግም 32፥10 እና በመዝሙር 16፥8 ይገኛል፤ በእኛው “የዓይን ብሌን” የተባለው ነው። እግዚአብሔር ሕዝቡን እንዴት እንደጠበቀ የተነገረበት ቃል ነው። በዕብራይስጡ ደግሞ ብሌን “ኢሾን” ይባላል፤ ትንሹ ሰው እንደማለት ነው። ለምን? ወደ ሰው ዓይን ቀርበህ ስታይ በብሌኑ ውስጥ ትንሽ ሰው ይታያል። እርሱም አንተው ነህ።

እስቲ ዛሬ ማታ ከጸሎት በኋላ ልጃችሁን አቅፋችሁ ወደ ዓይኑ ቀርባችሁ ተመልከቱ። በዚያ ውስጥ የምትታዩት እናንተ ናችሁ። በትር የያዘ ሰው ነው የሚታየው ወይስ እረኛ? አፍ የሚዘጋ ነው ወይስ የሚሰማ? ልጁ ስለ እግዚአብሔር አባትነት የሚማረው መጀመሪያ በዚያች ብሌን ውስጥ ከሚታየው ትንሽ ሰው ነው። “አባታችን ሆይ” ብሎ ሲጸልይ በልቡ የሚመጣው ማን እንደሆነ አስቡ።

ስለዚህ በዚህ ጾም ከምግቡ ጋር አንድ ነገር ጨምረን እንተው። በልጅ ላይ ልንተርት አፋችንን ስንከፍት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ይህን የተናገረው ማነው? እኔስ አሁን ለምን መረጥሁት? ልጁ መልስ ቢኖረው ምን ይለኝ ነበር? ሦስተኛውን ጥያቄ ለራሳችን አንመልሰው። ልጁን እንጠይቀው፣ ተቀምጠንም እንስማው። ከጎረቤትም ልጅ፣ በክርስትና ካነሣነውም ልጅ ይጀመራል። ሆሣዕና ሲደርስ ዘንባባ ይዘን ከልጆቹ ጋር ለመዘመር የምንበቃው ያን ጊዜ ነው።

ልጆቻችንን በቤቱ ያሳድግልን፤ እኛንም የሚሰማ ጆሮ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።