በጨለማው ውስጥ የሚሰማን አለ ወይ?



ባለፈው ዓመት የወጣቶች ኅብረታችን ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ሄዶ አንድ ሌሊት አድሮ ነበር። ማንኪራን የማታውቁ ካላችሁ፣ የካፋ ሰው «የቡና መነሻ» የሚለው የደን ስፍራ ነው። በዚያ ያለው ቡና እንደ ጓሮ ቡና በመስመር የተተከለ አይደለም፤ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን ችሎ የበቀለ ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበውም እንዲህ ያለ ሀብት ስላለው ነው። ቀን ሲያዩት ልብ ያሳርፋል። ማታ ግን ሌላ ነው። ባትሪውን ስታጠፉ የገዛ እጃችሁን አታዩም። ከላይ ቅጠሉ ሰማዩን ይሸፍናል፤ ከሩቅ ስሙን የማታውቁት ነገር ይጮኻል።

አብሮን የነበረ ኮምፒውተር የሚማር አንድ ወንድም በዚያ ጨለማ መካከል ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ደን ጌም ላደርገው ነው» አለኝ። ሐሳቡን ሲያጫውተኝ ቆየ። በእንግሊዝኛ ያነበበውን አንድ አስፈሪ ታሪክ ወስዶ ወደ ማንኪራ ሊያመጣው ነው። አንድ ተማሪ በደኑ ውስጥ ይጠፋል፤ ከዛፎቹ ሥር ከሰው ልጅ በፊት የነበረ አንድ ነገር ተኝቷል፤ ሽማግሌዎች ደግሞ በስውር ያመልኩታል። ከዚያም «ይኼን መሥራት ኃጢአት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም ሳላስብ፣ «የጨለማ ነገር ምን ያደርግልሃል? ተወው» አልኩት። ዝም አለ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ያ ዝምታ አላስተኛኝም። ልጁ ጥያቄ ጠየቀኝ እንጂ ፈቃድ አልለመነኝም። እኔ ደግሞ አፉን አዘጋሁት እንጂ አልመለስኩለትም። ስለዚህ ያነበብኩትንና ያሰብኩትን ዛሬ ለእርሱም ለእናንተም እጽፋለሁ።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

እኛ የለመድነው አስፈሪ ታሪክ የጅብ፣ የቡዳና የሙት መንፈስ ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የሚያስፈራው ነገር ያውቃችኋል። ይጠላችኋል፣ ይፈልጋችኋል፣ ይከታተላችኋል። ወንድማችን ያነበበው ዓይነት ግን ከዚህ ይለያል። «የጽንፈ ዓለም ፍርሃት» ልንለው እንችላለን። የዚህ አጻጻፍ አባት ተብሎ የሚታወቀው አሜሪካዊው ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1937 ኖረ። «የክቱሉ ጥሪ» የተባለው ታዋቂ ታሪኩ የታተመው በ1928 ነው። በእርሱ ዓለም ውስጥ ትልቁ አስፈሪ ነገር የሚጠላችሁ ጠላት አይደለም። ጽንፈ ዓለሙ መኖራችሁን ጭራሽ አለማወቁ ነው። ሰው እንደ ጉንዳን ነው፤ የሚረግጠው ኃይል የረገጠው ተቆጥቶ አይደለም፣ አላየውም እንጂ። እውነቱን ያወቀ ሰው ደግሞ አእምሮውን ይስታል።

ይህ ሐሳብ ልጆችን የሚስበው ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። እያንዳንዳችን በሆነ ሌሊት ጠይቀነዋል። ጸልየን መልስ ሳንሰማ ስንቀር፣ ሐዘን ቤት ተቀምጠን ቃል ሲያጥረን፣ ኮከብ በሞላበት ሰማይ ሥር ስንቆም «የሚሰማን አለ ወይ?» እንላለን። ዳዊትም በመዝሙር 8 ሰማዩን አይቶ ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ተደንቋል። ጥያቄው አንድ ነው። መልሱ ግን ይለያያል።

ታሪኩ ጌም ሲሆን

አሁን ወደ ወንድማችን ሥራ እንምጣ። እንዲህ ያለ ታሪክ ጌም ሲደረግ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ታሪኩ «ምንም ማድረግ አትችልም» ይላል። ጌም ደግሞ «አድርግ!» ይላል። ቁልፍ ተሰጥቷችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡም።

ሠሪዎቹ ይህን ችግር በየመንገዱ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1981 በላቭክራፍት ታሪክ ስም በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት ጨዋታ ወጣ። በውስጡ የተጫዋቹ ጤናማ አእምሮ በነጥብ ይቆጠራል፤ አስፈሪ ነገር ባየ ቁጥር ነጥቡ ይቀንሳል። በ2002 «ኢተርናል ዳርክነስ» የተባለው የቪዲዮ ጌም ይህን ወደ ተጫዋቹ ሳሎን አመጣው። የገጸ ባሕርይዋ አእምሮ ሲታወክ ጌሙ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የቀነሰ፣ ያስቀመጣችሁትንም የጨዋታ መዝገብ ያጠፋ ያስመስላል። በ2005 የወጣው «ዳርክ ኮርነርስ ኦፍ ዚ ኧርዝ» መጀመሪያ ላይ ያለ መሣሪያ ያስሮጣችኋል፤ ወደ መጨረሻው ግን ዳጎን የተባለውን ግዙፍ ፍጡር በመርከብ መድፍ ትመቱታላችሁ። ዳጎንን ከ1ኛ ሳሙኤል 5 ታውቁታላችሁ፤ በታቦቱ ፊት በግንባሩ የተደፋው የፍልስጥኤማውያን ጣዖት ነው። በዚያ ምዕራፍ የጣለው የማንም ሰው መድፍ አልነበረም።

እዚህ ላይ አስቡ። በመድፍ የሚወድቅ ነገር ትልቅ አውሬ ሊሆን ይችላል፤ ወሰን የሌለው ግን አይደለም። ጌሙ ጥይት በሰጣችሁ ቁጥር ያ ፍርሃት እየቀለለ አደን ይሆናል። ይህን የተረዱ ሌሎች ሠሪዎች በ2010 «አምኒዥያ» የተባለውን ጌም ሲሠሩ መሣሪያውን ጨርሰው አስቀሩት። በእርሱ ውስጥ መሸሽና መደበቅ ብቻ ነው። አውሬውን ትኩር ብሎ ማየት እንኳ አእምሮን ይጎዳል። ጨለማው ራሱ ይጎዳል። በእጃችሁ ያለው አንድ ፋኖስ ነው።

ይሁንና በዚህ ጌም ውስጥ እጅግ ያስገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የፋኖሱ ዘይት በየክፍሉ ተቀምጦ ይገኛል! አንዱ ማዕዘን ላይ፣ አንዱ መሳቢያ ውስጥ። በሩ ተቆልፎ ከሆነ መክፈቻው የሆነ ቦታ አለ። ማን አስቀመጠው? የጌሙ ሠሪ ነው። ተጫዋቹ እዚህ ሲደርስ ይጨልምበታል፣ ይፈራል፣ ዘይቱም ያልቅበታል ብሎ አስቀድሞ አስቦለታል። እንግዲህ ታሪኩ «ማንም አያስብልህም» እያለ ሲጮኽ፣ ጌሙ የተሠራበት መንገድ ራሱ ሌላ ነገር ይናገራል። ተጫዋቹ የሚሄደው ስለ እርሱ በታሰበበት ዓለም ውስጥ ነው።

ይህን ሳስተውል ደስ አለኝ። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህን ይዛችሁ የማያምን ጓደኛችሁን «ረታሁህ» አትበሉት። ጌም ሠሪ አለው ማለት ዓለም ፈጣሪ አላት የሚለውን አያረጋግጥም፤ እኛ ይህን የምናምነው በሌላ መንገድ ነው። ደግሞም በእውነተኛው ሕይወት ዘይቱን ፈልገው ያላገኙ ብዙዎች ናቸው። ልጇን የቀበረች እናት መክፈቻው የት እንደተቀመጠ አላየችም። ለእርሷ «ፈልጊ፣ ታገኚያለሽ» ማለት ጭካኔ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ አይላትም። መጽሐፈ ኢዮብን ከምዕራፍ 38 እስከ 41 ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ኢዮብ ለምን እንደተሠቃየ ጠየቀ፤ ምክንያቱ አልተነገረውም። እግዚአብሔር የባሕርን ጥልቀት፣ የማይገራውን የሜዳ አህያ፣ ማንም በመንጠቆ የማይስበውን ሌዋታንን አሳየው። ኢዮብ በፊቱ ትንሽ ሆነ። ያ ሁሉ ግዙፍነት በላቭክራፍት ታሪክም ሊገኝ ይችላል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ የሚናገረው አለ፣ የሚናገረውም ለኢዮብ ነው። ኢዮብ ማብራሪያ አላገኘም፤ የሚያነጋግረውን ግን አገኘ።

ስለ አእምሮ መለኪያው

አሁን ከበድ ወዳለው ልግባ። የእነዚህ ጌሞች የአእምሮ መለኪያ አንድ ክፉ ልማድ ሊያስተምረን ይችላል። የታመመው ሰው የታሪኩ ማስፈራሪያ ይሆናል፤ ለብቻው የሚያወራው፣ የሚንቀጠቀጠው፣ የሚጮኸው ለድምቀት ይቀመጣል። ነጥቡ ዜሮ ሲደርስ ጨዋታው አበቃ፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲያ አይቆጠርም።

ጌም ተጫዋቾችን ብቻ እንዳልወቅስ አንድ ነገር ልናዘዝ። ፈቃዱን ጠይቄ ነው የምጽፈው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኅብረታችን አንድ ወንድም እንቅልፍ አጣ። ማንም ያልተናገረውን ድምፅ መስማት ጀመረ። እኛ ሦስት ሌሊት ጸለይንለት፤ መጸለያችን መልካም ነበር። ነገር ግን «የደበቅከውን ኃጢአት ተናዘዝ» እያልን አስጨነቅነው። በአራተኛው ቀን አንዳንዶቻችን መፍራት ጀመርን፤ ከእርሱ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። ወደ ሐኪም እንውሰደው ያለ አልነበረም። በመጨረሻ የወሰዱት ቤተሰቦቹ ናቸው። መድኃኒቱን ይዞ ተመለሰ፣ ዛሬ ሥራውን ይሠራል፣ እሁድም አብሮን ይዘምራል።

አንድ ቀን ይቅርታ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ ድምፁ አስፈርቶኝ ነበር። ከድምፁ ይልቅ ያስፈራኝ ግን የእናንተ ዓይን ነው። እንደ ጭራቅ ታዩኝ ነበር።»

ኤልያስ በ1ኛ ነገሥት 19 ሞትን ተመኝቶ ዛፍ ሥር ሲተኛ እግዚአብሔር መጀመሪያ ያደረገለትን ታስታውሳላችሁ? አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፣ እንጎቻና ውኃ ላከለት፣ ከዚያም እንደገና አስተኛው። ንግግሩ የመጣው በኋላ ነው። ሰውን በነጥብ የማይቆጥር አምላክ እንዲህ ያደርጋል። እኛ ግን ስክሪን ሳይኖረን ወንድማችንን በመለኪያ መዘንነው።

ስለ አያቶቻችን

ሌላው ነገር የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ነው። ላቭክራፍት በዘረኝነቱ የታወቀ ሰው ነበር። በታሪኮቹ ውስጥ ክፉውን ነገር በስውር የሚያመልኩት ብዙ ጊዜ ጥቁሮች፣ ስደተኞችና እርሱ የማያውቃቸው ሕዝቦች ናቸው። በ2019 የወጣው «ዘ ሲንኪንግ ሲቲ» የተባለው ጌም ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ፣ ጨዋታው ሲከፈት ስለዚያ ዘመን የዘር ጥላቻ ማሳሰቢያ አስቀምጠዋል።

እንግዲህ ወንድማችን ታሪኩን ወደ ማንኪራ ሲያመጣ፣ የላቭክራፍትንም ዓይን ሳያውቀው አብሮ ሊያመጣ ነው። ያ ዓይን የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በገዛ አያቱ ላይ! የጥንቱ የካፋ ሰው ዴጆ በሚባለው ሥርዓት ለደኑና ለምድሩ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር። እኛ በክርስቶስ አምነን ያንን መንገድ ትተናል፤ አንመለስበትምም። መተው ግን መዋሸት አይደለም። ዘጸአት 20 በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል አያቶችን አላወጣም። አያቱ በደኑ ዳር ቆሞ ሲለምን «ማንም አያውቀኝም» ብሎ አላሰበም። የሚሰማ አለ ብሎ ነው። በዚህ ነገር ከላቭክራፍት ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ጳውሎስም በሐዋርያት ሥራ 17 አቴና ሲገባ ያመልኩት የነበረውን መሠዊያ መነሻ አደረገው እንጂ ሰዎቹን ጭራቅ አላደረጋቸውም።

እንግዲህ ምን እንበል?

«መጫወት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» የሚል አንድ መስመር ሕግ አልሰጣችሁም። በፍርሃት የሚሠቃይ፣ እንቅልፍ የሚያጣ ወይም አእምሮው የታመመ ሰው ቢተወው ይሻለዋል፤ ይህ ጥበብ ነው። ሌላው ግን ስክሪኑን ሲያጠፋ ራሱን ይመርምር። ሰውን እንዴት ነው የማየው? የታመመውን ጎረቤቴን እቀርበዋለሁ ወይስ እሸሸዋለሁ? ትንሽነቴ ወደ ጸሎት ነው የሚወስደኝ ወይስ «ሁሉም ከንቱ ነው» ወደሚል ስንፍና?

ለሚሠሩትም አንድ ቃል አለኝ። ሥሩ! አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ስለምትሸሽ ዶሮ «ኩኩሉ» የተባለ የሞባይል ጌም ሠርቷል፤ እዚህ አገር መሥራት ይቻላል። ጨለማውንም ጨለማ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ኢዮብም አላስዋበውም። ብቻ ስለ ሰው አትዋሹ።

ይህን ሁሉ ለወንድማችን ከነገርኩት በኋላ ጌሙን አልተወውም። ሽማግሌዎቹን ግን ከአምላኪነት አወጣቸው። አሁን አንደኛው ሽማግሌ የጠፋውን ተማሪ ፋኖስ ይዞ ይፈልጋል። መጨረሻው ገና አልተጻፈም፤ «ያገኘው እንደሆነ አላውቅም» ይላል። እኔም አላስገደድኩትም።

ስለዚያች ሌሊት አንድ ነገር ልጨምር። ከደኑ ስንመለስ መንገዱ ጠፋን። ጥቂት ብንሄድም የምንወጣበትን አላገኘንም፤ ሁላችንም ዝም ብለን ነበር። ያን ጊዜ ያረፍንበት ቤት እናት ከዳገቱ ላይ ሆነው ስማችንን እየጠሩ ሲጣሩ ሰማን። «ልጆች! ቡናው ቀዘቀዘ እኮ!» እያሉ። ድምፃቸውን ተከትለን ወጣን። ደኑ ያው ትልቅ ነበር፤ እኛም ያው ትንንሾች ነበርን። ኢሳይያስ በምዕራፍ 40 ከዋክብትን ቆጥሮ ስለሚያወጣቸው፣ እያንዳንዳቸውንም በስማቸው ስለሚጠራቸው አምላክ የተናገረውን ያን ሌሊት ገባኝ።

በየኅብረታችሁ ተወያዩበት። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን በኋላ ወንበር ለብቻው የተቀመጠ ወንድም ካለ፣ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ በስሙም ጥሩት።

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።