ስሙን የነገረው ማነው?

የቀድሞው ካርታ ሥራ ድርጅት አንድ ለሃምሳ ሺሕ ካርታ ለገጠር ታሪክ አጥኚ ሀብት ነው። 2 ሴንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጅረቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ የእግር መንገዱም አለ። አርሲን ብንወስድ፣ የ1978 ዓ.ም. መንደር ምሥረታ ሳይመጣ በተነሣው ላይ ጎጆዎቹ በየጉብታው ተበታትነው ይታያሉ።

ጎጆን አውሮፕላን ከሰማይ ያነሣዋል። ስምን ግን አያነሣም፤ ሰው ተጠይቆ ነው የሚጻፈው። ማን ተጠየቀ? በእኔ ግምት የመንግሥት መኪና ሲመጣ ወጥቶ የሚቀበለው ጭቃ ሹም ወይም ሊቀ መንበር ነው። (ውሃ የምትቀዳዋንማ ማን ጠይቋት!)

ታዲያ ዛሬ አንዲት ባልቴት «ኧረ ልጄ፣ ይህ ወንዝ ስሙ ሌላ ነው» ቢሉ፣ «ካርታው ላይ የለም» ብሎ ማለፍ ጥናት ነው ወይስ ፍርድ? እኔ ብሆን ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ የእሳቸውን አስቀድሜ።