ስለ እርምጃ ቍጥር

በዚህ ዘመን ለጤናው ብሎ በየቀኑ በእግር መሄድን ልማድ ያደረገ ሰው በዝቷል፤ ይኸውም እጅግ የተመሰገነ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ባወጣው ምክር፣ ዐዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነቱን በመጠኑ እንዲያሠራ ያዛል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ከዚሁ ይገባል። ዳሩ ግን ከመሄዱ ጋራ ሌላ ልማድ ተከትሎ መጥቷል፤ እርሱም እርምጃን በእጅ ስልክ መቍጠር ነው። ሰው እርምጃውን ቢቈጥር ይጠቀማልን ወይስ ይጐዳል?

መቍጠርን በጠቅላላው መንቀፍ ለቤተ ክርስቲያን ሰው አይገባውም። እኛው ራሳችን ኪርያላይሶንን 41 ጊዜ እንላለን፤ መቍጠሪያም በጣታችን እናሳልፋለን፤ ስግደትም በቍጥር ይታዘዝልናል። ሰነፍ ሥጋ ቍጥር ካልያዘው በሦስተኛው ስግደት ላይ «በቃኝ» ይላልና። መሄድ የሚጀምር ሰውም እንደዚሁ ነው፤ በዚህ ሳምንት በቀን 2,000 የሄደ በሚመጣው 2,500 ልሂድ ቢል፣ ጕልበቱ ሳይታወክ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

ነገር ግን ብዙዎች እንደ ሕግ የያዙት 10,000 የሚባለው ቍጥር ከወዴት መጣ? የእኛው አበበ ቢቂላ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ባሸነፈ በማግሥቱ ዓመት፣ አንድ የጃፓን ኩባንያ በወገብ የሚታሰር መቍጠሪያ ሠርቶ «ማንፖ ኬይ» ብሎ ሸጠ፤ ትርጓሜው የዐሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። እንግዲህ ቍጥሩ ከሐኪም ቤት ሳይኾን ከገበያ የወጣ ነው። በ2019 በአሜሪካ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ፣ በቀን 4,400 ያህል በተራመዱት ላይ ሞት 2,700 ያህል ከተራመዱት ይልቅ አንሶ እንደ ተገኘ፣ ከ7,500 ወዲያ ግን ጥቅሙ እምብዛም እንዳልጨመረ ጽፈዋል። ስለዚህ 7,500 ሄዶ «አልሞላልኝም» ብሎ የሚተክዝ ሰው በከንቱ ይተክዛል።

በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ጀማሪ ተማሪ ቤቱ እስኪሞላለት በጣቱ ቢቈጥር ማንም አይነቅፈውም። ቤቱ ሞልቶ ምስጢር የሌለው እንደ ኾነ ግን መምህሩ «ቤቱንስ ሠራኸው፤ የሚያድርበት ወዴት አለ?» ብሎ ይመልሰዋል።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት ስልካቸውን ረስተው፣ ዳገት ወጥተው ቍልቍለት ወርደው ልቅሶ ደረሱ፤ ሐዘንተኛውንም አጽናንተው በእግራቸው ተመለሱ። ማታ ልጃቸው «አባባ፣ ዛሬ ስንት ሄዱ?» ብትላቸው «ዛሬስ ምንም አልሄድሁ» አሏት፤ ከዚያም ስልካቸውን ይዘው በጨለማ ግቢያቸውን ይዞሩ ጀመር። እግራቸው ደክሞ ሳለ፣ የሰውም እንባ አብሰው ሳሉ፣ ቍጥሩ ስላልመሰከረላቸው ኹሉ እንዳልተደረገ ኾነባቸው። እኔ ጕዳት የምለው ይህን ነው። መሣሪያው ስንፍናን ሊገሥጽ ገብቶ በጎውን ሥራ ከልብ ፋቀው።

ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ሕዝቡን ቢቈጥር 603,550 ወንዶች ተገኙ፤ በደልም አልኾነበትም። ዳዊት ግን ኢዮአብ እየተቃወመው ቢያስቈጥር መቅሠፍት ወረደ። ሥራው አንድ ሲኾን ፍርዱ ስለ ምን ተለየ? መምህራን ሲተረጕሙ ዳዊት የቈጠረው ሊመካበት ነው ይላሉ።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው፣ ልማዱ እስኪጸናለት ድረስ እንዲቈጥር፣ በሰንበት ግን ስልኩን እቤት ትቶ ቤተ ክርስቲያን እንዲሳለም፣ ሲመለስም የታመመ እንዲጠይቅ ነው። ሐኪም ልክ ወስኖ ያዘዘለት ሕመምተኛ ግን ሐኪሙን ሳያማክር ቍጥሩን አይተው፤ የእርሱ እንደ ሙሴ ቍጥር በትእዛዝ ነውና።