ልብስ የቀደደ አባት፥ መጽሐፍ የቀደደ ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ የእግዚአብሔር ቃል ሲነበብ በጸጥታ ማዳመጣችን ብቻ ቃሉን ለመቀበላችን ምስክር አይሆንም። ይህንም ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ነገሥታት፥ አባትና ልጅ፥ ያስተምሩናል።

አባትየው ኢዮስያስ ነው። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 እንደ ተጻፈው፥ በነገሠ በ18ኛው ዓመት ቤተ መቅደሱ ሲታደስ ካህኑ ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ አገኘ፤ ጸሐፊው ሳፋንም በንጉሡ ፊት አነበበው። ኢዮስያስ ቃሉን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ። «ይህ የአባቶቼ ጥፋት ነው፥ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ አላመካኘም። ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ልኮ አስጠየቀ፤ ሕዝቡን ሰብስቦ ቃል ኪዳን ገባ፤ ለጣዖት የተሠራውን ዕቃ ከቤተ መቅደስ አስወጥቶ አቃጠለ፤ ፋሲካንም አስከበረ። ኀዘኑ ወደ ሥራ ተለወጠ።

ልጁ ኢዮአቄም በ25 ዓመቱ ስለ ነገሠ፥ ያ መጽሐፍ በተገኘ ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ያህል ነበር። በዕድሜው ከመካከላችን ካሉት ታናናሾች ጋር የሚስተካከል ማለት ነው። የአባቱን ቤት ሥርዓት እያየ አደገ። ነገር ግን ባሮክ ከኤርምያስ አፍ ሰምቶ የጻፈው ክርታስ በፊቱ ሲነበብ (ኤር. 36)፥ በብርድ ወራት ከእሳት አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፥ ጥቂት ጥቂት በተነበበ ቁጥር በጸሐፊ ቢላዋ እየቀደደ ወደ እሳቱ ጣለው። አባት ጣዖቱን አቃጠለ፤ ልጅ መጽሐፉን አቃጠለ። እንግዲህ እምነት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ በውርስ አይተላለፍም። እናቶቻችን ስለ ጾሙ፥ አባቶቻችን ስላስቀደሱ ብቻ እኛ ቃሉን ተቀበልን ማለት አይደለም።

እኛስ ቢላዋ አልያዝንም እንል ይሆናል። ሆኖም ስለ ዕርቅ የተማርንበትን ሰንበት እናስታውስ። መባ ከማቅረብ በፊት ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ ጌታችን ያስተማረው ቃል (ማቴ. 5፥23-24) ሲነበብ ሁላችንም አሜን አልን። በዚያው ሰዓት ግን ከመዘምራኖቻችን መካከል ሁለት ወንድሞች ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ወራት አልፈው ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ያም ሆኖ መዝሙሩን አብረን ዘመርን፥ በዜማው አብረን አሸበሸብን፤ «ኑ፥ እናስታርቃችሁ» ያለ አንድ ሰው ግን አልተገኘም። ቆይቶ አንደኛው ወንድማችን መምጣት አቆመ። እኛም «ምን ነካው?» እያልን ተጠያየቅን እንጂ ወደ ቤቱ አልሄድንም። ያን ቅጠል ቀድደን ወደ እሳት የጣልን እኛው ነን።

ስለ ገንዘብ፥ ስለ ሐሜት፥ ለወላጅ ስለ መታዘዝ የተጻፈውንም ብዙ ጊዜ እንዲሁ እናደርገዋለን። የወደድነውን እንይዛለን፥ የከበደንን እንቈርጣለን። ቃሉን ሳንቀደድለት ከሰማነው እኛው እንቀድደዋለን፤ መካከለኛ መንገድ የለም።

ነገር ግን ተስፋ አንቍረጥ። ኢዮአቄም ያቃጠለው ክርታስ በእግዚአብሔር ትእዛዝ እንደገና ተጻፈ፤ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ሰው ቢያቃጥለውም ቃሉ አይጠፋም። ለእኛም በቸርነቱ ሌላ ሰንበት ሰጥቶናል።

ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ጥቂቶቻችን፥ ከንስሐ አባታችን ጋር፥ ወደዚያ ወንድማችን ቤት እንሄዳለን። ያኰረፈውም ወንድማችን አብሮን ሊሄድ ፈቅዷል። ይቀበለን አይቀበለን አናውቅም፤ አስቀድመን ይቅርታ የምንጠይቀው ግን እኛ ዝም ያልነው ነን።

አምላካችን ሰምተን የምንሠራበትን ልብ ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።