አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ቡድን በተሸነፈ ቁጥር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ቡታጅራ ቡና ቤት ብትቀመጡ፣ ወልቂጤ ሻይ ብታዙ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ብትገቡ ያው ነው። «ችግሩ አሠልጣኙ ነው ወይስ ተጫዋቾቹ?» ግማሹ «ይሄ ምን ዓይነት አሰላለፍ ነው? ሰውዬው ይሰናበትልን!» ይላል። ሌላው ደግሞ «አሠልጣኝ ምን ያድርግ? ኳስ የማይችል ልጅ ይዞ ምን ይፍጠር?» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ይጦፋል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ብዙም ሳይቆይ አሠልጣኙ ይሰናበታል።

ጉዳዩ የኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ጸሐፊዎች ትቼው ባለፍኩ ነበር። ነገሩ ግን የፍርድ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የገባበት ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱን በማን ላይ እናኑር? በየትኛው ሚዛን?

እስቲ ከአንድ ሳምንት ታሪክ እንነሳ። ግንቦት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሊሎንግዌ ላይ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 2፣ እዚያው ሊሎንግዌ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ጎሎቹን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጠሩ። በሁለቱም ቀን አሠልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። በርግጥ ግብፅ ሞሐመድ ሳላህን አላሰለፈችም። ቢሆንም ከጥቂት ወራት በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰች ቡድን ናት። እንግዲህ በአራት ቀን ውስጥ አሠልጣኝ አዲስ ዕውቀት አይቀስምም፣ ተጫዋችም አዲስ እግር አያበቅልም። ፍርዳችንን በውጤት ብቻ ብንሰጥ ግን ውበቱ ግንቦት 28 ሰነፍ፣ ሰኔ 2 ሊቅ ሊሆን ነው። ውጤት ብቻውን ለፍርድ በቂ ምስክር አይደለም ማለት ነው።

ከዚያ ሳምንት የምንማረው ሌላም ነገር አለ። የግብፁ ጨዋታ «የሜዳችን» ጨዋታ ነበር። ታዲያ ለምን ማላዊ ተጫወትነው? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን ነው። ይሄን ጉድለት የፈጠረው የትኛው አጥቂ ነው? የትኛው አሠልጣኝ ነው? በሻዩ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሁለት ተከሳሾች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛውን የጠራው የለም።

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳች አገር በኋላ 31 ዓመት ከመድረኩ ርቃ ቆየች። በጥቅምት 2005 የሰውነት ቢሻው ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ሲመልሰን አገር በደስታ አበደ። ያው ቡድን በጥር 2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተረታ። ያው ቡድን በ2006 ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አንድ ደረጃ ሲቀረው በናይጄሪያ ተገታ። በዚያው ማጣሪያ ላይ በቅጣት ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀንሶብናል። ይሄ እንግዲህ የመዝገብ ስህተት ነው፤ እግር አልሳተም። በ2006 ሰውነት ተሰናበተ፤ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተቀጠረ። እሱም ዓመት ያህል ቆይቶ ተሰናበተ። ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በጥር 2014 ነው። ሰው መቀየር ብቻውን መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ዓመት ታመን ባልቆየን።

«እሺ፣ አሠልጣኙን ተወው፤ ዋናው ተሰጥኦ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ተሰጥኦ ግን ከሰማይ ተሠርቶ አይወርድም። አርሲ በቆጂን ተመልከቱ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በስንታየሁ እሸቱ እጅ ያለፉ ናቸው። ታዲያ በቆጂን በቆጂ ያደረጋት የልጆቹ ሳንባ ነው ወይስ የመምህሩ ዓይን? ከፍታና ቀዝቃዛ አየር ያለው ደጋ በአገራችን ሞልቷል፤ በየደጋው ግን የኦሊምፒክ ሻምፒዮና አልበቀለም። መምህሩንም ያለ ልጆቹ ብታስቡት ሰዓት ይዞ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ተሰጥኦና ሥልጠና እንደ ዘርና እርሻ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመዘን አይቻልም። ደግሞም እርሻው ባለቤት አለው።

የጉራጌ ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ፣ አረንጓዴ ጀፎረ የማንም የግል ርስት አይደለም። ሠርግ ይደገስበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ ልጆች ይቦርቁበታል። አንዱ ተነስቶ ልጠረው ቢል ባህላዊው ሕግ አይፈቅድለትም። ልጅ እግሩን የሚያፍታታበት መስክ እንኳ የኖረው ጠባቂ ሥርዓት ስላለው ነው። ከጀፎረ እስከ ስታዲየም ያለውን መንገድስ የሚጠብቀው ማነው? የታዳጊ ቡድኑን፣ መጫሚያውን፣ በወቅቱ የሚከፈለውን ደመወዝ?

«ሠራተኞቹ» የሚባሉት ወልቂጤ ከተማዎች በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀሉ። የዚያ ዓመት ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ስለጀመረ የወልቂጤ ደጋፊ ቡድኑን የሚያየው በቴሌቪዥን መስኮት ሆነ። አሠልጣኝ መጣ፣ አሠልጣኝ ሄደ፤ ተጫዋች መጣ፣ ተጫዋች ሄደ። በ2016 መጨረሻ ቡድኑ በነጥብ ከመውረድ ተርፎ ነበር። በ2017 ግን በፕሪሚየር ሊጉ አልተሳተፈም። ያስቀረው የክለብ ፈቃድ መስፈርት ነው። ልብ በሉ! ስንት ዓመት ስለ አሠልጣኝና ስለ ተጫዋች ስንከራከር ቆየን፤ ቡድኑ የወጣው ግን ሁለቱም በማይፈርሙበት ፋይል ነው።

ታዲያ ጥያቄው ለምን ሁልጊዜ «አሠልጣኙ ወይስ ተጫዋቾቹ?» ይሆናል? መልሱን አበው በሦስት ቃል ጨርሰውታል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ሃያ አምስት ተጫዋች ማባረር ውል ማፍረስ ነው፣ ገንዘብ ነው። ቦርዱን መጠየቅ ደግሞ የከተማውን ባለሥልጣን መጠየቅ ነው። አሠልጣኝ ግን አንድ ሰው ነው፤ ሻንጣውም ቀላል ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ጥፋተኛውን አይደለም፤ ለማንሳት የሚቀለውን ነው። ይባስ ብሎ የስንብት ደብዳቤው ላይ የሚፈርመው ራሱ ሊጠየቅ የሚገባው አካል ነው። ከሳሽም፣ ዳኛም፣ አንዳንዴም ተከሳሽ የሚሆንበት ችሎት! በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ሽማግሌዎች የሚቀመጡት የሁለቱንም ወገን ቃል ሊሰሙ ነው። ለአንድ በሬ ግጭት የምንሰጠውን ጆሮ ለአንድ ሰው ሙያና ስም መንፈግ ምን ይሉታል?

«እንዲህ ከሆነማ ማንም አይጠየቅም ማለት ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ኦቴሎን ስናነብ «ዴዝዴሞናን የገደላት ማነው?» ብዬ እጠይቅ ነበር። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ኢያጎ፣ ሌላው ኦቴሎ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ኢያጎ በምላሱ፣ ኦቴሎ በእጁ። ጥፋት እንጀራ አይደለም፤ ለአንዱ ሲቆረስ ለሌላው አያንስም። ኢያጎን በሙሉ ብንኮንን ኦቴሎ አንዲት ቅንጣት አይቀልለትም።

ሚዛኑም እዚህ ላይ ነው። ሰው ሊጠየቅ የሚገባው በእጁ በነበረው ነገር ልክ ነው። ልምምድ የቀረ፣ በሜዳ ላይ የተኛ ተጫዋች ስለ ላቡ ይጠየቅ፤ ላቡ የራሱ ነው። አሠልጣኝ ስለ ምርጫው፣ ስለ ዝግጅቱና ስለ ፍትሐዊነቱ ይጠየቅ፤ እነዚህ የእሱ ናቸው። ደመወዝ በወቅቱ መክፈል፣ ሜዳ ማዘጋጀት፣ ታዳጊ ማሳደግና ለሥራ ጊዜ መስጠት ግን የቦርዱና የከተማው ነው። ብዙ በእጁ ያለ ብዙ ይጠየቃል። እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው፤ ሥልጣን ያነሰውን አብዝተን እንጠይቃለን።

ይሄ በኳስ ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወዲያው ያው ክርክር ተነሳ፤ ተማሪው ነው የሰነፈ ወይስ መምህሩ ነው ያላስተማረ? ያ ልጅ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። መጽሐፉን ማን አሳተመ? መምህሩን ማን መለመለው፣ ምንስ ተከፈለው? ሁለት ድሆች ጥፋቱን እየተወራወሩ ሲካሰሱ የሚያርፍ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «አሠልጣኙ ተሰናበተ» የሚል ዜና ስትሰሙ፣ ደግ አደረጉ ወይም ክፉ አደረጉ ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ጊዜ ተሰጠው? በእጁ ምን ነበረ? ያሰናበተውስ አካል የራሱን ድርሻ ፈጽሞ ነበር? የነዚህ መልስ አሠልጣኙን ጥፋተኛ ካደረገው ይሰናበት፤ ቅር አይለኝም። መልሱ ሳይሰማ የሄደ ሰው ግን ሻንጣው ውስጥ የሌላም ሰው ጥፋት ይዞ ነው የሚሄደው። የሚተካውም ያንኑ ሻንጣ ሊሸከም ነው የሚመጣው።